የድሬዳዋ ባቡርና የዱር እንስሳት ሥዕል

በሳይንስ መጻሕፍት ቀድመው ከተሳሉት የኢትዮጵያ የዱር አጥቢዎች አንዷ አሽኮኮ ናት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሏን ያወጣው ከአገር ቤት ስሟ ጋር ነው።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 በምጽዋ ገብቶ እስከ ስሜንና ጎንደር ዘለቀ። ከ1835 እስከ 1840 በፍራንክፈርት ባሳተመው ሥራ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ሥዕሎቹ በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ከታተሙ በኋላ በእጅ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ከአበሻ ምድር ወደ አውሮፓ ይላክ የነበረው ግን በዋናነት ቆዳና አጥንት ነበር። ቆዳ ሲደርቅ የጭላዳ ደረት ቅላትም ሆነ የዓይን ቀለም ይጠፋል፤ ሰዓሊው እንስሳውን ባላየበት አገር የጎደለውን በግምት ይሞላው ነበር።

ይህን ርቀት ያሳጠረው የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መገባደጃ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ዳገቱ ስለከበደ ወደ ሐረር መውጣቱ ቀረና በሜዳው ላይ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሳምንታት የሚፈጀው የቅፍለት ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር።

በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና የከተማዋ ዕለታዊ ጋዜጣ የላኩት ቡድን በዚሁ መስመር ወደ መሐል አገር ገባ። መሪው የአጥቢዎች አጥኚው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆን፣ ሰዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ አብሮት ነበር። ፉየርቴስ የታደነውን ወፍና አጥቢ ቀለሙ ሳይደበዝዝ እዚያው ሰፈሩ ላይ በውሃ ቀለም ይሥል ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስም ከመቶ በላይ ሥዕሎች ይዞ ሄደ።

በነሐሴ 1927 በኒውዮርክ ግዛት መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተስፈንጥረው ሳይጎዱ ተገኙ፤ የጉዞ ጓደኛው ሳይደም ከቲንግ ገዝቶ ለሙዚየሙ ሰጣቸው። ሙዚየሙም በ1930 ከመካከላቸው 32ቱን መርጦ የአቢሲኒያ አዕዋፍና አጥቢዎች አልበም አድርጎ አሳተማቸው።