በጨረቃ ምድር ላይ የተነሣው ትቢያ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ሲጋልቡ፣ ከኮቴው ሥር የሚነሣው አቧራ ጥቂት ተንሳፍፎ፣ ነፋስ ወደ ወሰደው ወገን አዘንብሎ፣ ቀስ በቀስ ተመልሶ በሣሩ ላይ ያርፋል፤ ይህም የሚሆነው ምድራችንን የከበበው አየር ጕዞውን ስለሚያግደው ነው። አየር በሌለበት በጨረቃ ላይ ግን የትቢያ ጠባይ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ከሮኬት ሞተር በሚወጣው ጋዝ የተገፋች ቅንጣት የሚያቆማት ሳታገኝ፣ መሬቱን ልትነካ ጥቂት በቀራት ዝቅታ ተወንጭፋ ትርቃለች።

ይህ ነገር በጕልህ የተገለጠው ኅዳር 10 ቀን 1962 ዓ.ም. ጠፈርተኞቹ ፔት ኮንራድና አለን ቢን በአፖሎ 12 መንኰራኵር፣ የማዕበላት ውቅያኖስ በተባለው የጨረቃ ሜዳ ሲወርዱ ነው። ሞተሩ የቀሰቀሰው ትቢያ መሬቱን ስለ ጋረደባቸው፣ ኮንራድ በመጨረሻዋ ቅጽበት በመሣሪያዎቹ ምልክት ታምኖ አሳረፈ። ከዚያ 160 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ያረፈው ሰው አልባው ሰርቬየር 3 ቆሞ ነበር። ጠፈርተኞቹ ካሜራውንና ሌሎች ክፍሎቹን ቈርጠው ወደ ምድር ባመጧቸው ጊዜ፣ ሊቃውንት ቢመረምሯቸው፣ ነጭ የነበረው ቀለም ወይቦ፣ ወደ አፖሎ የዞረው ገጽ ግን በትቢያ ውርጅብኝ ተፍቆና ፈክቶ፣ ብሎን የከለለው ሥፍራ ብቻ ጠቁሮ ተገኘ። በዚያ የጥላ መሰል ምልክት አቅጣጫ ትቢያው የመጣው ከአፖሎ ማረፊያ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ለዚህ ዓላማ ማንም ያላዘጋጀው ዕቃ እንዲህ ያለ ምስክር መሆኑ እጅግ ያስደንቀኛል።

አስቀድሞም የናሳው ሊዮናርድ ሮበርትስ ጋዙ ትቢያውን እንዴት እንደሚጠርግ በሒሳብ ሊያስረዳ ደክሞ ነበር። ነገሩን በምድር ላይ መፈተን አስቸጋሪ ነው፤ አየሩ ተመጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ሞተር ቢለኰስ፣ ክፍሉን ወዲያው የራሱ ጋዝ ይሞላዋል፤ የጨረቃም ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ለኮምፒውተር ተሰጠ። ለኮምፒውተሩም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ጋዙ በሞተሩ አፍ አጠገብ ጥቅጥቅ ብሎ በአንድነት ሲፈስ፣ ራቅ ሲል ግን ሞለኪውሎቹ ሳይጋጩ በየፊናቸው ይበተናሉና፣ ለቅርቡ የሚስማማው ቀመር ለሩቁ አይሆንም። ለሩቁ ጥቂት ወካይ ሞለኪውሎች ተመርጠው፣ ግጭታቸው በዕጣ እየተወሰነ ይሰላል።

ሰርቬየር 3 በጕድጓድ ውስጥ ቆሞ ስለ ነበር፣ ኋላ የተደረገው ስሌት እንዳሳየው፣ ዋናው የትቢያ ጅረት በላዩ አልፎ ሄዷል፤ የፋቀው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ዋናው ጅረት በቀጥታ ቢመታው ኖሮ ጕዳቱ በባሰ ነበር። ዛሬ ከአፖሎ የከበዱ መንኰራኵሮች ለጨረቃ ሲታሰቡ፣ መሐንዲሶች ማረፊያው ከሌላው መሣሪያ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበትና የአፈር ክትር ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚያሰሉት ስለዚህ ነው።