ነጭ የደም ሴሎች ወዴት ይሄዳሉ?

ነጭ የደም ሴሎች ከበሽታ እንደሚከላከሉን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ እኔን የሚገርመኝ መንገዳቸው የታወቀበት ዘዴ ነው፡፡

በ1950ዎቹ አንድ እንቆቅልሽ ነበር፡፡ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች በደረት የሊምፍ ቱቦ በኩል በየቀኑ ወደ ደም የሚገቡት በደም ውስጥ ካሉት በብዙ እጥፍ በልጠው ነው፡፡ ታዲያ የት ይጠፋሉ? የኦክስፎርዱ ጄምስ ጎዋንስ ሴሎቹን በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ምልክት አድርጎ ወደ አይጦች ደም መለሳቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 ከናይት ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከደም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ገብተው በሊምፍ በኩል እንደገና ወደ ደም እንደሚመለሱ አሳየ፡፡

ምልክት የማድረጉ ዘዴ በሕክምናም ያገለግላል፡፡ የተደበቀ ኢንፌክሽን ሲጠረጠር ከሕመምተኛው ደም ይቀዳል፤ ነጭ ሴሎቹ ተለይተው ኢንዲየም 111 ይደረግባቸውና ለዚያው ሰው በመርፌ ይመለሳሉ፡፡ መጀመሪያ በሳንባ ያልፋሉ፤ ከዚያ በጉበትና በጣፊያ ይከማቻሉ፡፡ ይህ ጤናማ ነው፡፡ በማግስቱ ካሜራው ሌላ ቦታ ተከማችተው ካሳየ ግን ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ እዚያ እንዳለ ይጠረጥራል፡፡ የኢንዲየሙ ጨረር በ2.8 ቀናት በግማሽ ይቀንሳል፡፡

ምርመራው ለታዘዘለት ሰው ምክሬ አንድ ነው፡- የአንዱ ደም ለሌላው እንዳይሰጥ፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ስምዎ የተጻፈበት መሆኑን ያረጋግጡ፡፡