ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት

ባልና ሚስት በፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ቀን ሊለያዩ ይችላሉ፤ የሁለቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ግን በዚያው ቀን ለሁለት አይከፈልም። ከእንዲህ ያሉት ወረቀቶች አንዱ በውጭ አገር የኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት የተመላሽ ግብር ቼክ ነው። በአሜሪካ ሳሉ የዓመት ገቢያቸውን በአንድ ቅጽ ያስታወቁ ባልና ሚስት፣ ቼኩ በሚደርስበት ጊዜ ተፋትተው እርሱ በሜሪላንድ ቀርቶ እርሷ ወደ ቡራዩ ተመልሳ ብትሆን፣ ገንዘቡን ለመቀበል የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ሌላው ወረቀት ደግሞ እዚሁ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በጅማ መንገድ በሰበታ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ በሱሉልታ ላለው ቤት የተሰጠው ካርታ ነው። የሁለቱ ወረቀቶች ታሪክ በተለያየ አገር የተጀመረ ቢሆንም የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ሁለተኛው ስም በወረቀቱ ላይ ስለ ምን ገባ? ጋብቻው ከፈረሰ በኋላስ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚለው ነው።

በአሜሪካ ሁለተኛው ስም በግብር ቅጽ ላይ ክብደት ያገኘው ግብርን ከማስተካከል ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። የባልና የሚስት ገቢ የጋራ ነው የሚል ሕግ በነበራቸው ግዛቶች የሚኖሩ ባለትዳሮች ገቢውን ለሁለት ከፍለው በማስታወቅ አነስተኛ ግብር ይከፍሉ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1930 ከዋሽንግተን ግዛት በቀረበለት ጉዳይ ይህን አጸደቀ። በሌሎቹ ግዛቶች የሚኖሩት ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ልዩነቱ ብዙ ቅሬታ ካስነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሕግ በጋራ የሚያስታውቁ ባለትዳሮች ሁሉ ገቢያቸው ለሁለት እንደ ተከፈለ ተቆጥሮ እንዲታሰብላቸው ፈቀደ። በአንድ ቅጽ ላይ የፈረሙ ሁለት ሰዎች ለዕዳው በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂዎች ይሆናሉ፤ ትርፍ ከፍለው እንደ ሆነም ተመላሹ በሁለቱም ስም ይወጣል።

ቼኩ እጅ ከገባ በኋላ ነገሩን የሚወስነው በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ቃል ነው። የአሜሪካ ግዛቶች በተቀበሉት የንግድ ሕግ መሠረት በስሞቹ መካከል «እና» የሚል ቃል ካለ ሁለቱም በጀርባው መፈረም አለባቸው፤ «ወይም» የሚል ከሆነ ግን የአንዱ ፊርማ ይበቃል። የፍቺው ውሳኔ ገንዘቡ ለአንደኛው ወገን ይሁን ቢልም እንኳ የሌላው ፊርማ በቼኩ ላይ በራሱ አይተካም። ጊዜውም አይጠብቅም፤ የግምጃ ቤቱ ቼክ ከወጣበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ካለፈው አይከፈልም። ስለዚህ ወረቀቱ ከሜሪላንድ ቡራዩ፣ ከቡራዩም ሜሪላንድ በሚመላለስበት ጊዜ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ቂም ካለ፣ ገንዘቡ ማንም ሳይካደው ባለበት ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት፣ በልዩ ሁኔታ ከሚታለፉት በቀር፣ የፌዴራሉ መንግሥት ክፍያ በወረቀት ቼክ መሰጠቱ ከመስከረም 30 ቀን 2025 አንሥቶ እንዲቆም ተደረገ። በዚህም የፖስታው ችግር ይቃለላል። ነገር ግን ገንዘቡ በቅጹ ላይ ወደ ተመለከተው የባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚገባ በመሆኑ ሒሳቡ የአንደኛው ብቻ ከሆነ ሌላው ወገን በጀርባ ፊርማው የነበረውን መከላከያ ያጣል። ድካሙ ሲቀር ጥበቃውም አብሮ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቼክ አይወጣም፤ የገቢ ግብር የሚጣለው በእያንዳንዱ ሰው ላይ እንጂ በባልና ሚስት ላይ በአንድነት አይደለምና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም የተመሠረተው በዚሁ ነው። በእኛ አገር ሁለት ስም ተጽፎ የሚገኘው በይዞታ ማረጋገጫ ላይ ነው፤ የገባበትም ምክንያት ከአሜሪካው ፈጽሞ የተለየ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃና በጠቅላላው የጋራ ሀብት አስተዳዳሪ አደረገው። ሕጉ የማይንቀሳቀሰው የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱ ስምምነት ይኑር ብሎ ነበር። ሆኖም በሰነዱ ላይ የሚነበበው የባል ስም ብቻ በሆነ ጊዜ፣ ሻጩ ካልተናገረ በቀር ገዢው የሚስትን ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነበር። መብቱ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ በወረቀቱ ላይ ግን አይታይም።

ይህ ክፍተት መሞላት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀርቶ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው አለ፤ በፍቺም ጊዜ እኩል እንዲካፈል አዘዘ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ወሰነ። እንግዲህ ሁለተኛው ስም በእኛ ወረቀት ላይ የገባው ግብር ለመቀነስ ሳይሆን፣ የቤቱ እኩሌታ ባለቤት ሳታውቅ ቤቱ እንዳይሸጥ ነው።

ጥበቃው ግን ወሰን አለው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃዱ ንብረት የተላለፈበት ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ነው። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሁለት ዓመት አጭር ነው። ከዚህም ሌላ ሕጉ ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ከከተማው ወሰን አልፎ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ቤት የሠራ ሰው የሚገጥመው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ውስጥ ስለ ተጠቃለሉ፣ ከዚያ በፊት አገሩን ለቆ የሄደ ባለ ካርታ ጉዳዩን ለማስፈጸም ሲመለስ ካርታውን የሰጠው ማዘጋጃ ቤት አደረጃጀቱ ተለውጦ ያገኘዋል።

የተፋቱት በውጭ አገር ፍርድ ቤት እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨመራል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ አገር ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም በቅድሚያ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ እንዲቀርብ ያዛል፤ ፍርዱ የተሰጠበት አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑም አንደኛው መመዘኛ ነው። በመሆኑም የሜሪላንድ ዳኛ የቡራዩን ቤት ለአንደኛው ወገን ቢሰጥ ካርታው በዚያ ብቻ አይዞርም።

የቀረው መንገድ ውክልና ነው። ባሕር ማዶ ያለው ወገን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ይፈርማል፤ ሰነዱም አገር ቤት ተረጋግጦ በሥራ ላይ ይውላል። ይሁንና የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ ወይም የሐዋላ ወረቀት ለመፈረም ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሰውን ከአየር ማረፊያ ወደ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ቆንስላ የሚያመላልሰው ይህች አንዲት ቃል ሳትጻፍ መቅረቷ ነው። በጋብቻ ዘመን የተሰጠ ውክልናም ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላልና በፍቺው ሰሞን ሊታይ ይገባዋል።

ቀድሞ ንብረት የሚካፈለው ሽማግሌዎች ባሉበት ነበር፤ ከብቱ በዓይን ይቈጠራል፣ እህሉም ይሰፈራል። ዛሬ ግን አብዛኛው ሀብት በወረቀት ላይ ስላለ ያልተጠቀሰ ወረቀት ሳይካፈል ይቀራል። ለትምህርትና ለሥራ ወደ ውጭ የሚወጣው የሙያ ሰው ከዚህ ታሪክ ሊወስደው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሁለተኛውን ስም እንደ እንቅፋት ቈጥሮ መሸሽ ሳይሆን፣ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ሳሉ ካርታውን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ ገና ያልደረሰውን ተመላሽ ግብር ጭምር አንድ በአንድ በስም ጠርቶ በፍቺው ስምምነት ማስገባትና ልዩ ውክልናውን በዚያው መፈረም ነው። መሐንዲስ የቦታውን ወሰን በሜትር ለክቶ በካርታው ላይ ያሰፍራል፤ ቦታው ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍ ግን የሚወስኑት በካርታው ራስጌ የተጻፉት ሁለቱ ሰዎች ናቸው።