የሦስት ዓመት ልጅ ሥራው ምንድን ነው?

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ» የሚባለውን ሙያ ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞክሬ ነበር። «የሥራ ሕክምና» ብዬ ሳነብለት ጓደኛዬ ሳቀብኝ፤ «ሥራ አጡ በበዛበት ጊዜ ጥሩ መድኃኒት መጣልን!» አለ። የማወራው ስለ ሦስት ዓመት ሕፃን መሆኑን ስነግረው ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባው። ሕፃን ምን ሥራ አለው?

አለው እንጂ። መቀመጥ፣ መጉረስ፣ ልብሱን ማጥለቅ፣ ከእኩዮቹ ጋር አፈር ማቡካት ሥራው ነው። በአሜሪካ የሙያው ማኅበር የተቋቋመው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ በብዛት የሚረዳው የአእምሮ ሕሙማንንና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን ነበር፤ ሕፃናቱ ቆይተው መጡ።

የጎንደሩ ታሪክ ግን ከወባ ይጀምራል ብል ታምኑኛላችሁ? በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በማግስቱ ዓመት (በእኛ 1947 ዓ.ም.) የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር ይውጡ ተባለ። ሐኪም አልጋ አንጥፎ በሽተኛ የሚጠብቅ ሳይሆን ተነሥቶ የሚሄድ ይሁን ማለት ነው፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ሐሳብ አልነበረም።

ከኮሌጁ ያደገው ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሲጀምር ይኸው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። መመለሱም ግድ ነበር። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ «እርግማን ነው» ተብሎ ጓዳ ይደበቅ ነበር (ዛሬስ ቀርቷል?)። ጓዳ የተደበቀ ልጅ ካርድ አውጥቶ ወረፋ አይጠብቅም፤ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልገዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የአሥር ዓመት ትብብር ጀመሩ። የጎንደር መምህራን ካናዳ ሄደው ተማሩ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርትም ጎንደር ላይ ተከፈተ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በፈረንጅ መጽሐፍ ልጁ ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ በመቀስ መቁረጥ ይለማመዳል። የእኛ ልጅ ግን እንጀራ በአንድ እጁ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያፈስ አፉ ማድረስ አለበት። እስቲ ዛሬ ምሳ ላይ ጣቶቻችሁን ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ከማንኪያ በጣም ይከብዳል! ጉርሻ የሚባል ጉድም አለ። እጁ እሺ ያላለውን ልጅ እናቱ እያጎረሰች ታሳድገዋለች፤ ከፍቅሯ የተነሳ። ስድስት ዓመት ሲሞላውም እጁ ገና ሥራውን አልጀመረም። ባለሙያው «አታጉርሺው» ቢላት ጨካኝ ይመስላታል። እጇን በልጇ እጅ ላይ አድርጋ አብራው እንድትቆርስ፣ ቀስ በቀስም እጇን እንድታነሳ ማሳየት ግን ይቻላል። ይህ ደግሞ መሶቡ ባለበት፣ አያትም ጎረቤትም እያዩ ቢሆን ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ውጡ። ልጁ በአንቀልባ የሚታዘልበት ዕድሜ አልፏል፤ አይራመድም፤ እናቱ ግን አሁንም ታዝለዋለች። እሷን በየሳምንቱ ዳገት ቁልቁለት አውርዶ ጎንደር ከተማ ማመላለስ ይቻላል? በ2021 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እዚያው አካባቢ ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። መንገድ ሲዘጋ የሚተርፋት እዚያው ቤቷ የተማረችው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ተመራቂዎቹ ሁሉ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ባለቀለም ኳስ ይዘው ከተቀመጡ የ1947ቱን ሐሳብ ወደ ኋላ መለስነው እላለሁ። ክፍሉም ኳሱም ይኑር፤ ጠላቴ አይደለም። ግን በየወረዳው ጤና ጣቢያ አንድ ሰው፣ ለእሱም በሳምንት ሁለት ቀን የቤት ለቤት ጉዞ ቢመደብለት ምን ይመስላችኋል?

ትርጉሙን እስካሁን አላገኘሁም። የተሻለ አማርኛ ያላችሁ ወዲህ በሉ።