መጭ፦ የኑግ የቅርብ ዘመድ

መጭ ማንም ሳይዘራው በማሳና በመንገድ ዳር የሚበቅል ዓመታዊ አረም ነው። ለገበሬው ጤፉንና ስንዴውን የሚሻማ ጠላት ነው፤ ለእጽዋት ተመራማሪ ግን የኑግን አመጣጥ ለመረዳት ከእሱ የተሻለ ተክል የለም።

በመስከረም ሲያብብ ብዙዎች ከአደይ አበባ ጋር ያምታቱታል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ቤተሰባቸውም አንድ ነው፤ ወገናቸው ግን ይለያያል። አደይ አበባ ከባይደንስ፣ መጭ ደግሞ እንደ ኑግ ከጉይዞቲያ ወገን ይመደባል። የመጭን አበባ ቀርቦ ላየው አንድ አበባ ሳይሆን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፦ በዙሪያው ስምንት ያህል ቢጫ ቅጠሎች፣ መሀሉ ላይ የተጨናነቁ ጥቃቅን ቱቦዎች፣ ከሥር አምስት አረንጓዴ ቅጠል መሰል ደጋፊዎች። ፍሬው ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን ከኑግ ያንሳል፤ ሲደርስም ቶሎ ይረግፋል። የኑግ ፍሬ ይበልጥ የሚተልቀውና እስከ አጨዳ የሚቆየው ገበሬዎች በረጅም ዘመን ስለመረጡት ነው።

የሁለቱ ዝምድና በዘረመል ጥናት ታይቷል። እያንዳንዳቸው 30 ክሮሞዞም አላቸው፤ ሲዳቀሉም ዘር የሚሰጥ ዲቃላ ይወልዳሉ። ሁለቱም በራሳቸው የአበባ ብናኝ ዘር አይይዙም፤ ንብ ብናኙን ከሌላ ተክል ማምጣት አለባት። ስለዚህ ከማሳው ዳር ያለው መጭ ከማሳው ውስጥ ካለው ኑግ ጋር ዘር ይለዋወጣል። ለዘር አባዢ ይህ ችግር ነው፤ የንጹሕ ዝርያን ጥራት ያበላሻል። እኔ ግን ጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነኝ። ምርቱ አነስተኛ የሆነውን ኑግ ለማሻሻል አዳቃዩ አዲስ ባሕርይ ሲሻ መጀመሪያ ሊፈልግበት የሚገባው ይህ የዱር ዘመድ ነው።

ኑግ በህንድም ይዘራል፤ የጉይዞቲያ የዱር ዝርያዎች መነሻ ግን አፍሪካ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋም ዋና መኖሪያቸው ነው። ስለዚህ እነሱን የመጠበቅ ኃላፊነት የእኛ ነው። የኑግ ዘር ሊሰበስቡ ወደ ገጠር የሚወጡ ባለሙያዎች ከማሳው ዳር ያለውን መጭም፣ የተገኘበትን ቦታና ያበበበትን ጊዜ መዝግበው፣ አብረው ይሰብስቡ።