«ኧረ መላ መላ» እና የ1967 ዓ.ም. ድንበር፦ አንድ ሸክላ ስለ ዘመን አከፋፈላችን ምን ይነግረናል?



የታሪክ ሰዎች በተሰበሰቡበት መድረክ የዘፈን ሸክላ ለምን ይነሣል የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። መልሴ አጭር ነው። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሬከርድስ አማካይነት ያወጣው «ኧረ መላ መላ» ሳንመረምር የተቀበልነውን አንድ የዘመን አከፋፈል ይሞግታል።

የተለመደው ትረካ የሚከተለው ነው። የዘመናዊ ሙዚቃችን «ወርቃማ ዘመን» በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጨረሻ ዓመታት አበበ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ አብሮ አከተመ። ይህ ትረካ ለማስታወስ ይመቻል። ሆኖም ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ በዓለም ዙሪያ እጅግ ከታወቁት አንዱ የወጣው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው። እንግዲህ ወይ ሸክላው ከሥፍራው የወጣ ነው፣ ወይ ድንበራችን የተሠመረው በተሳሳተ ቦታ ነው።

በቅድሚያ ወደ መሠረቱ እንመለስ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው የምናውቃቸው፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመንግሥት ኦርኬስትራን መሠረት ጣሉ። ከጦርነቱ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች፣ ድምፃዊ፣ የኖታ አንባቢ የሚፈልቀው ከእነዚህ ተቋማት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ግን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሙዚቀኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ሙዚቃውም የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቆየ።

ይህን አጥር የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲመሠርት ሕጉን እያወቀ ደፈረው። ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትም ገበያውን ተቀላቀሉ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ነጠላና 30 ገደማ ረጅም ሸክላዎች ለገበያ በቁ። በዚያው ዘመን አሥመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ራዲዮ የሚሰራጨው የሶልና የአር ኤንድ ቢ ሙዚቃ፣ የሰላም ጓድ ወጣቶች ይዘዋቸው የመጡት ሸክላዎች የከተማውን ጆሮ ቀይረውት ነበር።

የማሕሙድ የሕይወት መንገድ በእነዚህ ሁሉ በሮች ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ከጉራጌ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ሠራ፤ በኋላ በአሪዞና ክለብ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠራ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ እዚያ ይጫወቱ ስለነበር መድረክ የመውጣት ዕድል አገኘ። ከዚያም የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል ተቀላቅሎ እስከ አብዮቱ ድረስ ቆየ። ከዙፋኑ ጋር ያ ተቋም ሲናጋ የማሕሙድ ድምፅ አልጠፋም፤ ከወጣቶቹ የአይቤክስ ባንድ ልጆች ጋር ቀጠለ። ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በባስ፣ ፈቃደ አምደመስቀል በሳክስፎን ከዚህ ባንድ ስሞች መካከል ናቸው። ባንዱ በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ እስከ ዛሬ በፍቅር ይታወሳል።

ሙዚቃውን በጥሞና ስናደምጥ ሁለት ትውልድ በአንድ ሸክላ ላይ ሲገናኙ እንሰማለን። ባስ ጊታሩ አጭር ሐረግ ያለመታከት ይደጋግማል፤ ይህ የፈንክ ትምህርት ነው። ድምፃዊው ግን በአምስት ድምፅ ቅኝታችን ላይ ቆሞ፣ ቃሉን እያንቀጠቀጠና እየጎተተ ይሄዳል፤ ይህ ከአዝማሪው የተወረሰ ነው። የትኛውም ለሌላው ማጌጫ አይደለም። ከአንዱ ቢጎድል ሌላው አይቆምም።

ይህ ክሥተት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ብራዚል እንሻገር። ጆርጂ ቤን «አፍሪካ ብራዚል» የተባለውን ዝነኛ አልበሙን ያወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እርሱም ሳምባን ከሶልና ከፈንክ ጋር በኤሌክትሪክ ጊታር አዋሐደ፤ አገሩም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች። ከእርሱ በፊት ቲም ማያ በወጣትነቱ በአሜሪካ ኖሮ የሶልን ስልት ይዞ ተመልሷል። ሁለቱ አገሮች የሚለያዩት ከሸክላው በኋላ በሆነው ነው። ብራዚል ሰፊ የሸክላ ኢንዱስትሪና ብዙ ሚሊዮን አድማጭ ስለነበራት ሥራው በገዛ አገሩ «ክላሲክ» ለመባል የሌላውን ምስክርነት አልጠበቀም።

የእኛ ጉዞ ሌላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በዚያው በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት አነቀው፤ ቀይ ሽብር ከተሞችን በሐዘን ሞላ፤ ሳንሱር በግጥም ላይ ተጫነ። በሌላ በኩል ካሴት መጣ፤ ከሸክላ ይልቅ ርካሽና በቀላሉ የሚባዛ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኅትመት ቆመ። ልብ በሉ፤ ሸክላው የጠፋው በአንድ የመስከረም ቀን አይደለም። ፖለቲካ፣ ቴክኖሎጂና ገበያ በየራሳቸው ፍጥነት ሲንቀሳቀሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳከመ። የደርግን በደል ማቃለሌ አይደለም፤ በደሉ መቼና እንዴት እንደ ሠራ በትክክል እንድናይ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ የሰማው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በብራስልስ ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አድማጭ አወጣው። በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ ስም በዓለም የሚጠራው ከረኃብ ጋር ብቻ ነበር። «መላ» ማለት ብልሃት፣ መውጫ መንገድ ነው፤ የፍቅር መላ ይፈልግ የነበረው ዘፈን ለአገር ስም ሌላ ገጽ ከፈተ። በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ሰባተኛ ሆኖ ወጣ።

ለፋልሴቶ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ጥያቄው ለእኛ ይቀራል። የራሳችንን ድምፅ ቀድሞ መድቦ፣ ሰይሞ፣ ዘመን ሰጥቶ ያቀረበልን ሌላ ሰው ከሆነ፣ «ወርቃማ ዘመን» የሚለው ክፍፍልም ከዚያው ምርጫ ጋር አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። በሸክላ የወጣው ተሰበሰበ፤ በካሴት የወጣው፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ውጭ የተዘፈነው፣ አብዛኛው ገና በየቤቱ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ሩቅ አይደለም። እዚህ ሐዋሳ፣ በሲዳማ፣ በወላይታና በጌዴኦ ቤተሰቦቻችሁ ሣጥን ውስጥ የሚያረጁ ካሴቶች አሉ። በሆቴሎች ይጫወቱ የነበሩ ባንዶች አባላትም አርጅተዋል። ቴፑ ሲሻግት፣ ሰውዬው ሲያልፍ ምንጩ አብሮ ያልፋል። ካሴቱን ስታገኙ ሽፋኑን አትጣሉ፤ አሳታሚውን፣ የተጫዋቾቹን ስም፣ የተገዛበትን ሱቅና ዓመት መዝግቡ። ባለቤቱን ጠይቁ፤ በሰዓት እላፊው ዘመን ሠርግ እንዴት ይደገስ እንደነበር፣ ማን እንደ ዘፈነ አስተርኩ። ያን ጊዜ የዘመኑን ድንበር የምናሠምረው ከሰማነው ተነሥተን ይሆናል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።