በቅባት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው «አልኮል» ሁሉ አንድ አይደለም

በሐረር ጁገል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባሉ ሱቆች የሚሸጡ የፊትና የሰውነት ቅባቶች ማሸጊያ ሲነበብ «ሴቲል አልኮል»፣ «ስቴሪል አልኮል» ወይም «ሴቴሪል አልኮል» የሚሉ ስሞች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮልን የሚርቅ ሸማችም ሆነ በበጋ ቆዳው የሚደርቅበት ሰው ይህን ቃል ሲያይ ዕቃውን መልሶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከመጠጥ አልኮል ጋር የሚመሳሰሉት በስም እንጂ በጠባይ አይደለም።

በኬሚስትሪ «አልኮል» የብዙ ውሁዶች የወል ስም ነው። በመጠጥ ውስጥ ያለው ኢታኖል 2 የካርቦን አቶሞች ብቻ ስላሉት ፈሳሽ ነው፤ ቶሎ ይተናል፤ ሲበዛም ቆዳን ያደርቃል። ሴቲል አልኮል ግን 16፣ ስቴሪል አልኮል ደግሞ 18 የካርቦን አቶሞች አሏቸው፤ ሴቴሪል አልኮል የሁለቱ ድብልቅ ነው። ሰንሰለታቸው ረጅም በመሆኑ እንደ ሰም የጠጠሩና ነጭ ናቸው፤ አያሰክሩም። ሴቲል አልኮል የሚቀልጠው በ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት «የስብ አልኮሎች» ተብለው ይጠራሉ።

ሥራቸውን ለመረዳት ወተትን መመልከት ይጠቅማል። በወተት ውስጥ ስብና ውሃ ተዋሕደው ይኖራሉ፤ ሲናጥ ግን ቅቤው ይለያል። ክሬምና ሎሽንም የዘይትና የውሃ ውሕድ በመሆናቸው የሚያጸናቸው ይፈልጋሉ። የስብ አልኮሎች ከሌሎች አዋሃጅ ንጥረ ነገሮች ጋር ሆነው ሁለቱ እንዳይለያዩ ያግዛሉ፤ ቅባቱንም ያወፍራሉ። ቆዳ ላይ ሲቀቡ ያለሰልሱታል፤ እርጥበቱም ቶሎ እንዳያመልጥ ይረዳሉ። ቫዝሊን ውሃ ስለሌለው እንዲህ ያለ አጽኚ አያስፈልገውም።

ሴቲል አልኮልን በ1817 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ሲሆን፣ ምንጩ የዓሣ ነባሪ ሰም ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከፓልም ዘይት ነው፤ ከእንስሳት ሞራም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የእንስሳት ተዋጽኦን የሚርቅ ሸማች ንጥረ ነገሩ ከዕፅዋት የተገኘ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ ቢፈልግ መልካም ነው።

ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባው «ኢታኖል»፣ «አልኮል ዲናት» ወይም ያለ ቅጥያ «አልኮል» የሚል ስም ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ሲያገኝ ነው፤ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር በአብዛኛው መጠኑ ከበዛው ይጀምራልና። «አልኮል የለውም» የተባለ ምርትም የስብ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ አባባሉ ብዙ ጊዜ ኢታኖልን ብቻ ስለሚመለከት ነው።

የስብ አልኮሎች ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የላቸውም። ጥቂት ሰዎችን ግን በአለርጂ ምክንያት ሊያሳክኩ፣ ቆዳቸውንም ሊያቀሉ ይችላሉ። በመሆኑም አዲስ ቅባት ፊትን ከመቀባት በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀናት መሞከር፣ ማሳከክ ወይም መቅላት ከታየም መጠቀሙን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።